የጸሎት ርዕስ ወይስ የሰው ገመና?



ባለፈው ሳምንት አንዲት አያት ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ ነገሩ ሲከነክናቸው እንደቆየ ግን ያስታውቃል።

«ሲስተር፣ ልጄ ባሏን ተከትላ ጴንጤ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው» አሉኝ። «እሱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ፤ ተጣልተንበትም ታርቀንበትም አልፈናል። አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በየረቡዕ ማታ ሳሎኗ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል፤ አንዳንዴ ዐሥር፣ አንዳንዴ ዐሥራ አምስት ይሆናሉ። ይዘምራሉ፣ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ይጸልያሉ። እሱስ መልካም። ነገር ግን የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሌሊት አልጋው ላይ እንደሚሸና ዛሬ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለፈው አንዲት ሴት ሱቅ ደጃፍ አቁማው ‹አይዞህ፣ እየጸለይንልህ ነው› ስትለው እያለቀሰ ቤት ገባ። ይኼ ደግ ነገር ነው ወይስ ክፉ?»

ስልኩን እንደያዝኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ አይደለም። ያቺ ሴት ያደረገችውን፣ ከእሷም የባሰውን፣ እኔ ራሴ ያደረግኩበት ጊዜ ስለነበረ ነው። ለእናታችን አጠር ያለ መልስ ሰጥቼ ቀሪውን በዚህ ዓምድ እንደምጽፈው ቃል ገባሁላቸው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። በአገራችን ያሉ የወንጌል አማኞች ከእሑዱ ጉባኤ ሌላ በሳምንቱ መካከል በየሰፈሩ በትንንሽ ቡድን ይሰበሰባሉ። ስሙ እንደየቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል፤ አንዱ የቤት ኅብረት ይለዋል፣ ሌላው ሴል ይለዋል። ሰዎቹ ከሥራ ሲወጡ ወደ አንዱ ቤት ይመጣሉ። ሻይ ወይም ቡና ይቀርባል። አንድ ሁለት መዝሙር ይዘመራል፤ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል በተራ ይነበብና እያንዳንዱ የገባውን ወይም ያልገባውን ይናገራል። በመጨረሻም «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ይባላል። ሰው የከበደውን አውጥቶ «ጸልዩልኝ» የሚለው በዚህ ሰዓት ነው።

ነገሩ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሕንፃ አልነበራቸውም። ጳውሎስ በመልእክቶቹ በጵርስቅላና በአቂላ ቤት፣ በፊልሞናም ቤት ለሚሰበሰቡት ሰላምታ ይልካል። በኦርቶዶክስ ቤት ላደግን ደግሞ የጽዋ ማኅበር ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። እናቴ በየወሩ በማርያም ዕለት ማኅበርተኞቿ ጋ ትሄድ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ጠላውና ዳቦው እኛ ቤት ይዘጋጃል፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ከቀረች የማኅበሩ ሙሴ «ምን ሆና ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በማግስቱ ሰው ይላካል። የሁለቱ ሥርዓት ለየቅል ቢሆንም ቀሪ የሚታወቅበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ትንሽ ስብስብ በመሆን ግን ይመሳሰላሉ። ከአምስት መቶ ሰው ጉባኤ መካከል ማን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ከዘጠኝ ሰው መካከል አንዱ ሲቀር ግን ወንበሩ ራሱ ይናገራል።

እኔ ይህን ያየሁት ከሁሉ በላይ በሆስፒታል ነው። በእኛ አገር በሽተኛን ግማሹን የሚያክመው አስታማሚ መሆኑን ተኝቶ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲባል የሚሮጠው፣ ደም ሲጠየቅ ክንዱን የሚዘረጋው፣ ሌሊት ወንበር ላይ የሚያድረው እሱ ነው። ዘመድ የሌላቸው ሴቶች አልጋ አጠገብ ምሳ ዕቃና ፔርሙስ ተደርድሮ ሳይ «እህቶችሽ ናቸው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ብዙ ጊዜ መልሱ «የማኅበሬ ሰዎች ናቸው» ወይም «የቤት ኅብረቴ ናቸው» ነበር። ስለዚህ እናታችን «ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ሲሉኝ፣ ደጉን በዓይኔ አይቻለሁና ከዚያ እጀምራለሁ።

እነዚህ ትንንሽ ኅብረቶች በአገራችን እንዴት እንደሰፉ ብዙ ወጣቶች አያውቁም። በጥር 1974 ዓ.ም የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ሕንፃዎቿን ወረሰ፣ መሪዎቿንም አሰረ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ለጤና ሠራተኞችም እንግዳ አይደለችም። መነሻዋ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጡት የሜኖናይት ሚስዮናውያን ናቸው፤ እነሱ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፍተው ድሬሰሮችን ያሠለጥኑ ነበር። የሙሉ ወንጌል አማኞች ደግሞ ከዚያ በፊት በንጉሡም ዘመን አዳራሻቸው ተዘግቶባቸው ስለነበር የቤት ለቤቱን ኑሮ ቀድመው ለምደውታል። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም ደርግ ወድቆ በሮቿ ሲከፈቱ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በልጦ ተገኘ። ያ ሁሉ ሰው የበዛው በየሰው ሳሎንና ጓዳ ውስጥ ነው።

እኔ ያኔ ከነርሲንግ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ የጀመርኩ ወጣት ነበርኩ። የምንሰበሰበው በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሲሆን ከአምስት እስከ ሰባት ብንሆን ነው፤ ስምንተኛ ሰው ከመጣ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ላይ አንገባም፤ በዐሥር በዐሥር ደቂቃ ልዩነት እንመጣለን። ጫማችንን በር ላይ አንተውም። ቡና ይቀራረባል፤ ድንገት ሰው ቢመጣ የቡና ጎረቤታሞች ነን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። የምትመራን ሴት ነበረች፤ ወንዶቹ መሪዎች ሲታሰሩ ሥራው በሴቶች ጫንቃ ላይ ወደቀ፣ ሴቶች ደግሞ ቡና ተጠራርተው ሲገቡ የሚጠረጥራቸው የለም። የሌላውን ቡድን አባላት ስም አናውቅም፤ ለማወቅም አንጠይቅም። ብንያዝ የማናውቀውን ስም ማንም ከአፋችን ሊያወጣ አይችልማ።

ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረ ነገር ከክፍሉ አይወጣም ነበር። ከወጣ ሰው ይታሰራል። ዛሬ ያ ፍርሃት የለም፤ ተመስገን ነው። ከፍርሃቱ ጋር ግን ጥንቃቄውንም እንደጣልነው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ።

የቤት ኅብረታችን ማክሰኞ ማታ እኔ ቤት ይሰበሰብ ነበር። አንድ ማክሰኞ አንዲት እናት የጸሎት ርዕስ አለኝ ብላ ስትጀምር ድምፅዋ ተቆረጠ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ጫት ጀምሯል፤ ከዚያም አልፎ የአንገት ወርቋን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ሸጦታል። አባቱ አያውቅም። አለቀስን፣ ጸለይን፤ ስትወጣ ፊቷ ቀለል ብሎት ነበር።

ዓርብ የሴቶች ጸሎት ነበረን፤ ወደ አርባ ሴቶች እንሆናለን። ከልቤ አዝኜላት ስለነበር ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦ «አንዲት እህታችን አለች፤ ስሟን አልጠራም። የ12ኛ ክፍል ልጇ በጫት ተይዞ ወርቋን ሸጦባታል። ፈተናው ደርሷልና በርትተን እንጸልይ።» ስሟን ባለመጥራቴ ጥንቁቅ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር። በእኛ ሰፈር፣ ከእኔ ጋር የምትጸልይ፣ የ12ኛ ክፍል ወንድ ልጅ ያላት እናት ስንት ናት? አንዲት ብቻ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሑድ ዕለት ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ሳለ አንድ አዛውንት እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው «ከዚህ ከጫት ሱስ ይፍታህ» አሉት። ጓደኞቹ ሰሙ። ማታውን አባትየውም ሰሙ።

ልጁ በማግስቱ ቦርሳውን ይዞ ክፍለ ሀገር አጎቱ ጋ ሄደ። የዚያን ዓመት ፈተና ሳይፈተን ቀረ።

እናትየዋ በቀጣዩ ማክሰኞ አልመጣችም፤ አሟት ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ደወልኩ፤ አላነሳችም። በሦስተኛው ወንበሯ ባዶ ሲሆን በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግቢ አላለችኝም። «ሲስተር፣ እኔ የነገርኩት ለዘጠኝ ሰው ነበር» አለችኝ። ስሟን እንዳልጠራሁ ልነግራት ጀመርኩና አፌን ያዝኩ።

ልጁ ለፋሲካ ሲመጣ እሱንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ቆየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ሲስተር፣ ሆስፒታል ተኝቼ የእርስዎ በሽተኛ ብሆን ኖሮ ያወሩብኝ ነበር?»

መልሱን እሱም እኔም እናውቀዋለን። በሥራ ዘመኔ የአንድ በሽተኛ ጉዳይ ከዋርድ ይዤ ወጥቼ አላውቅም። ኤች አይ ቪ እንደ እሳት በሚፈራበት ጊዜ ውጤቱን ከማውቀው ሰው ጋር አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ማወቄ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ ስጠነቀቅ ውዬ አውቃለሁ። ጋውኔን አውልቄ መጽሐፍ ቅዱሴን ስይዝ ግን ያ ጥንቃቄ ከጋውኑ ጋር ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ምክንያቴ መልካም ስለነበረ ሐሜት መሆኑ አልታየኝም። ሐሜት በጸሎት ስም ሲመጣ የሚያፍርበትም የሚቆጣውም የለም፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ምስጢር የሚያወጣውን ሰውና ነገርን የሚሰውረውን ታማኝ ሰው አነጻጽሮ ያስቀምጣቸዋል። ያን ክፍል ብዙ ጊዜ ለሌሎች አስተምሬዋለሁ፤ የትኛው ወገን እንደሆንኩ የነገረኝ ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

ልጁ በዓመቱ ተፈትኖ አለፈ፤ ዛሬ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። ቤት ኅብረት ግን ዳግም አልገባም። እናቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳለች። ዛሬ ይህን ስጽፍ ያንኑ ጥፋት እየደገምኩ እንዳይሆን ጽሑፉን አስቀድሜ ለሁለቱም ሰጥቻቸው ነበር። እሷ «ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል» አለች። እሱ ሁለት ቦታ ሰርዞ መለሰልኝ። ያነበባችሁት እሱ የተወውን ነው።

ከዚያ በኋላ በእኛ ኅብረት ጥቂት ነገሮችን ተስማማን። ሳሎናችሁን ለከፈታችሁም፣ ልጆቻችሁ ለከፈቱባችሁም ይጠቅም ይሆናልና ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ከዐሥር ስንበልጥ ለሁለት እንከፈላለን። ዐሥራ አምስት ሰው የሚያውቀው ነገር ምስጢር አይባልም፤ ዐሥራ አምስት ሰው ባለበትም ዝምተኛው ሰው ሳይናገር ይመሻል።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንጂ የሌላውን አይናገርም። ወላጆች፣ እዚህ ላይ በተለይ እኛን ይመለከተናል። የልጃችን ጉዳይ የራሳችን ይመስለናል፤ ወልደነዋላ። ልጁ ግን የራሱ ፊት፣ የራሱ ጓደኛ፣ የራሱ እፍረት አለው። ስለ ልጃችሁ ከመናገራችሁ በፊት «ይህን ለኅብረታችን ብናገር ትፈቅዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አይሆንም ካለ «ስለ ልጄ ጸልዩልኝ» ማለት ይበቃል። የሚጸለይለት አምላክ ዝርዝሩን ከእኛ መስማት አያስፈልገውም። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ የሚለዩት በአንዲት ስስ ግድግዳ መሆኑንም አትርሱ፤ ተኝቷል የምትሉት ልጅ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ የራሱን ታሪክ እየሰማ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ የሰማነውን ወደ ሌላ የጸሎት ቡድን አንወስድም፣ በቴሌግራም አናስተላልፍም፣ ላልመጣው ባላችን ወይም ሚስታችንም አንነግርም። ስም ባይጠራም ያው ነው። ሌሎች እንዲጸልዩ ካስፈለገ ባለቤቱን እንጠይቃለን፤ ራሱ ያዘጋጀውን ቃል ብቻ እንወስዳለን።

አራተኛው የምስጢር ድንበር ነው፤ ይህን የምለው እንደ ነርስ ነው። የሚገድል ምስጢር አይጠበቅም። ሕፃን እየተደበደበ ወይም እየተደፈረ እንደሆነ ከሰማችሁ፣ ወይም አንድ ሰው ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ከተናገረ፣ ጸልዮ መበተን ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያው ነገር ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። በሁለተኛው ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ራሱን ሊያጠፋ ላሰበው ሰውም «ይህን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ አብረን እንሂድ» ብላችሁ ፊት ለፊት ንገሩት።

በዚህ ላይ አንድ የጤና ነገር ልጨምር። የጸሎት ርዕስ ሆኖ የመጣ በሽታ ሁሉ መድኃኒቱን ይዞ ይጸለይለት። የደም ግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የኤች አይ ቪውን መድኃኒት «ድኛለሁ» ብሎ ያቋረጠ ሰው ተዝለፍልፎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተቀብያለሁ። የዳነ ሰው መዳኑ በምርመራ ቢታይ የሚጎድለው ነገር የለም። መድኃኒት እንዲቆም መናገርም የሐኪም እንጂ የኅብረቱ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ እናታችን ልመለስ። እማማ፣ የልጅዎን ስብስብ አይጣሉት። እርስዎ የማኅበርዎን ሰዎች እንደሚያስፈልጉዎት ሁሉ እሷም እነዚያ ሰዎች ያስፈልጓታል፤ የታመመች ቀን ምሳ ዕቃ ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው። ይልቅ ለብቻዋ አግኝተው፣ ስለ ሃይማኖት ሳያነሡ፣ ልጇ ሱቅ ደጃፍ የሆነውን ይንገሯት። ምናልባት አልሰማች ይሆናል። ልጇን ቁጭ አድርጋ «ሳልጠይቅህ ተናግሬብሃለሁ፤ ይቅርታ» ትበለው። እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ አይቀንስም፤ ያ ልጅ ነገ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው የጨነቀውን ለማን እንደሚናገር የሚወስነው ዛሬ ነው።

ስለ አልጋውም ልንገርዎት። በሰባት ዓመት ዕድሜ ሌሊት አልጋቸው ላይ የሚሸኑ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዉታል። ስንፍና አይደለም፤ ቁጣና ዱላም አያድነውም። ማታ ከመተኛቱ በፊት የሚጠጣውን ቀነስ ያድርጉለት፤ ሽንት ቤት ገብቶ ይተኛ። አንሶላው ሲረጥብ ሰው ሳያይ ይቀየርለት። ለወራት ደርቆ ቆይቶ እንደገና ከጀመረው፣ ቀን ቀንም ካመለጠው፣ ሲሸና ካመመው፣ ወይም ውኃ አብዝቶ እየጠጣ ከከሳ ግን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

እኛ ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ እንሰበሰባለን፤ ስምንት ነን። ጸሎቱ አልቆ ሰዎቹ ጫማቸውን ሲያስሩ በር ላይ ቆሜ የምላት አንዲት ቃል አለችኝ፦ «እዚሁ እንተወው።» አንዳንዶቹ ይስቁብኛል። እኔ ግን ሳልላት አላሳድራቸውም።

ቸር ያሰንብተን።